ደሙን ማን ያዘው?

እግዚአብሔር ለቤቴ ያደረገውን ልመስክር፤ ዝም ብል ድንጋይ ይጮኻል።

ባለቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ወደ ሰባ የተጠጋ ሰው ነው። ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል፤ ያጨሰበት ዘመን ግን ረጅም ነበር። አንድ ሌሊት «ወገቤን!» ብሎ ጮኸ። የኩላሊት ጠጠር መስሎን ውኃ ላቀብለው ስል ላብ አጥምቆት ከአልጋው ተንሸራቶ ወደቀ። ልጄ 911 ደወለች። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ «ቅዱስ ገብርኤል፣ ሦስቱን ሕፃናት ከእቶን ያወጣህ!» ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም። ስለትም ተሳልኩ።

ድንገተኛ ክፍል ሲቲ ስካን አነሡት። ከልብ ተነሥቶ በሆድ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ የሚሉት፣ 2 ሳንቲሜትር ያህል መሆን ሲገባው ከ8 በላይ አብጦ ፈንድቷል። ሐኪሙ አልሸሸገንም፦ ይህ የደረሰበት ሰው አብዛኛው ሆስፒታል ሳይደርስ ያልፋል፤ ደርሶ ኦፕራሲዮን ከሚደረገውም የማይተርፈው ብዙ ነው። «ታዲያ የእኔው እንዴት ደረሰ?» ብዬ በልጄ በኩል አስጠየቅሁት። የፈነዳው በጀርባው በኩል ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ሥጋ ደሙን ለጊዜው አፍኖ ይዞታል አለ። ወደ ሆዱ ቢፈስ ኖሮ በደቂቃዎች ያልቅ ነበር። እሱ ሥጋ ያዘው ይበል፤ በሥጋው ማን እንደያዘው እኔ አውቃለሁ።

ግፊቱ ወርዶ እያየሁ ብዙ ፈሳሽ አለመስጠታቸው አናዶኝ ነበር። ለካ ግፊቱ ቶሎ ከፍ ካለ የረጋው ደም ተገፍቶ ይለቃል!

ሆዱን አልከፈቱትም። በብሽሽቱ በኩል፣ ጨርቅ የለበሰ የብረት ቱቦ በሽቦ መርተው አስገቡና ከውስጥ ዘረጉለት፤ ደሙ በቱቦው ሲያልፍ የተቀደደው ቦታ ተዘጋ። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1955 የሞተው በዚሁ በሽታ ነው፤ ያን ጊዜ ይህ መንገድ አልነበረም። ጸሎት ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል የሚሉ ወገኖቼ አይቀየሙኝ፤ የእኔ ጸሎት መልሱ የመጣው ጓንት አጥልቆ ነው።

ዛሬ ቆሞ ያስቀድሳል። ስለቱንም ታኅሣሥ 19 ቁልቢ አድርሰናል።

ሐኪሙ በሽታው በቤተሰብ ሊኖር ይችላል ስላለን፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሙ ለምነነው ሆዱን በአልትራሳውንድ ታየ። የእሱም 4 ሳንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። በወንድ የቧንቧው ስፋት 5.5 ሳንቲሜትር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን አይደረግም፤ በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል። ያንኑ ዕለት ሲጋራውን ከነላይተሩ ለዘበኛው ሰጠ፤ እኔ ደግሞ ስልክ ደውዬ ዘበኛውንም ተቆጣሁት።