አራት ክንድ

እናቴ አንዴ «እርም ብያለሁ!» ካለች የሚመልሳት አልነበረም። ለቅሶ ደርሳ ስትመጣ ደግሞ «እርሜን አወጣሁ» ትላለች። አንድ ቃል እንዴት ለመተውም ለማልቀስም እንደሚሆን ግራ ሲገባኝ ኖሬ፣ ሰሞኑን ስለ አይሁድ ውግዘት ሳነብ እዚያም አገኘሁት። ሔሬም ይሉታል፤ ሥሩ ከእኛው እርም ጋር አንድ ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ ኢያሪኮ እርም ስትደረግ፣ አካንም ከእርሙ ሰርቆ ሲወገር ያለው ቃል ይኸው ነው። ኋላ ከዕቃና ከከተማ ወደ ሰው ዞረ።

እንደ ማንም ሰው ከፈላስፋው ከስፒኖዛ ነበር የጀመርኩት። በፈረንጆች ሐምሌ 27 ቀን 1656 የአምስተርዳም የፖርቱጋል አይሁድ ማኅበር የ23 ዓመቱን ልጅ አወገዘው። ቀን የተረገመ ይሁን፣ ሌሊት የተረገመ ይሁን፣ ሲተኛም ሲነሣም። ማንም አያናግረው፣ አይጻፍለት፣ ከአንድ ጣሪያ ሥር አብሮት አይደር፣ በአራት ክንድ ርቀት አይጠጋው፣ የጻፈውንም አያንብብ። ያኔ እኮ ገና አንድ መጽሐፍ እንኳ አላሳተመም! ጥፋቱም በዝርዝር አልተነገረም፤ ኑፋቄና ክፉ ሥራ ከማለት በቀር። እሱም ተመልሶ አልሄደም።

እርግማኑ ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ ያልለቀቀኝ ግን አራት ክንዱ ነው። ልኩ ከታልሙድ፣ ከጥንቱ የአይሁድ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ፣ የመጣ ነው። እዚያ ኒዱይ የሚባል ቀለል ያለ ውግዘት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን፣ ሰውዬው እንዲመለስ ታስቦ። የተወገዘው ጠጉሩን አይቆረጥም፣ ልብሱን አያጥብም። እንደ ሐዘንተኛ! የእናቴ ሁለት እርሞች እዚህ ላይ ገጠሙልኝ።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ከዕድር የተሰረዙ አንድ ሰውዬ ነበሩ። እሳት የሚጫጭራቸው ጠፋ። እኔም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ላለማለት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር እመስላለሁ። ምን እንዳጠፉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው በታልሙድ የሚተረክለትን መምህር ረቢ ኤሊዔዘርን ያወገዙት የገዛ ባልንጀሮቹ ናቸው። ነገሩ በአንድ የሸክላ ምድጃ ተነሣ፤ እሱ በሕጉ ንጹሕ ነው አለ፣ ብዙኃኑ ርኩስ ነው አሉ፣ እሱ አልታጠፍም አለ። ውሳኔውን ማን ይንገረው ሲባል ደቀ መዝሙሩ ረቢ አቂባ፣ ክፉ ሰው ሄዶ እንዳያረዳው ፈርቶ፣ ራሱ ሄደ። ጥቁር ለብሶ አራት ክንድ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ኤሊዔዘር «ዛሬ ምን የተለየ ነገር አለ?» ሲለው፣ «መምህሬ፣ ባልንጀሮችህ የራቁህ ይመስለኛል» አለው። አንተን አወገዝንህ አላለም። ሽማግሌው ልብሱን ቀደደ፣ ጫማውን አውልቆ መሬት ተቀመጠ፣ አለቀሰ።

ሊሞት ሲል ጠቢባኑ መጡ። ያኔም አራት ክንድ ርቀው ተቀመጡ። እሱ አልጋው ላይ፣ እነሱ ባሻገር፣ ስለ ንጹሕና ስለ ርኩስ ጥያቄ ያቀርቡለት ጀመር፤ ያን ያህል ዘመን ሳይጠይቁት ቀርተው። በመጨረሻ በጫማ ሰሪ ቅርጽ ላይ ስላለ ጫማ ጠየቁት። «ንጹሕ ነው» አለ፤ ነፍሱም በዚያው ቃል ወጣች። ረቢ የሆሹዋ ብድግ ብሎ ግዝቱ ተፈታ፣ ግዝቱ ተፈታ አለ።