ሻንጣ ሙሉ ስብከት ይዤ ሄጄ

ውጭ ሀገር ለሚሽን ስሄድ ሻንጣዬን በትራክት (ትንንሽ የወንጌል ጽሑፎች) እና በስብከት ኖት ነበር የሞላሁት፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያሳለፍኩት ውሃ ስቀዳና ከልጆች ጋር ቃላት ስለቅም ነው ሃሃ። አንዴ "አመሰግናለሁ" ያልኩ መስሎኝ ምን እንዳልኩ እንጃ፣ አንዲት እናት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ፣ ከዛ እጄን ይዛ ቃሉን አስር ጊዜ አስደገመችኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ቤቷ ቤቴ ሆነ።

እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ዊልያም ኬሪ እኮ ህንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1793 ነው፣ የመጀመሪያውን ህንዳዊ አማኝ ያጠመቀው ደግሞ በ1800፣ ሰባት ዓመት ሙሉ! ሌላው ሚሲዮናዊ ሁድሰን ቴይለርም ቻይና ሄዶ እንደነሱ ለብሶ ነው የኖረው፣ ያኔ ሌሎቹ ፈረንጆች ስቀውበታል። እኛ ግን በሁለት ሳምንት ትሪፕ ሪፖርትና ፎቶ ይዘን ለመመለስ እንቸኩላለን፣ እኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው። ሴትየዋ አሁንም ስትደውልልኝ መጀመሪያ የምታስደግመኝ ያችኑ ቃል ነው።