«የትኛው ገጽ ላይ?»

በአንድ የወንጀል ይግባኝ ክርክር ላይ የተከላካይ ጠበቃው ዋና መከራከሪያ ያደረጉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ለዐቃቤ ሕግ ያደሉ ነበር፤ የተቀበሉትም ማስረጃ የማይታመን ነው።» ሰብሳቢ ዳኛው የይግባኝ ቅሬታውን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ያደሉት የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉ። ጠበቃው መልስ አልነበራቸውም።

ችግሩ ግን ገጽ አለመጥቀሳቸው ብቻ አልነበረም። ለየብቻ የሚመዘኑ ሁለት የይግባኝ ምክንያቶችን አንድ ላይ አስረዋል። በማስረጃ ላይ የሚነሳ ቅሬታ በአብዛኛው የሚታየው ከቀሪው ማስረጃ ጋር ነው፤ የተነቀፈው ምስክርነት ቢወጣም ጥፋተኝነቱ የሚጸና ከሆነ ቅሬታው ይወድቃል። የዳኛ ምግባር ግን እዚያ ላይ ላይቆም ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን የሚያስችለውና ለጀርዚ ደሴት የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የሆነው ፕሪቪ ካውንስል፣ ከደሴቲቱ በመጣ ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ የማቅረብ መዝገብ ላይ የጥፋተኝነት ፍርዱን ሽሯል። የሥር ዳኛው ምስክርነት በሚሰጥበት ጊዜ ደጋግመው ጣልቃ ገብተው፣ ተከሳሹንም እንደ ተቃራኒ ወገን በሽሙጥ መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቀውት ነበር። ማስረጃው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን እንዲህ ያለ ችሎት ፍትሐዊ አይባልም ነው የተባለው።

ስለዚህ በችሎቱ የተነገረው የተጻፈበትን ግልባጭ ሲያነቡ ለዳኛው ንግግር ብቻ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይጠቅማል፦ ገጽና መስመር፣ በዋና ጥያቄ (ምስክሩን የጠራው ወገን ሲጠይቅ) ይሁን በመስቀለኛ ወይስ ከመስቀለኛው በኋላ በሚቀርበው ድጋሚ ጥያቄ መሃል፣ ዳኛው ያሉት ቃል በቃል፣ ጠበቃ ተቃውሞ ማስመዝገቡ። «መኪናው ከየት በኩል መጣ አልክ?» የማጣሪያ ጥያቄ ነው፤ ይለፍ። «ይህን እንድናምንህ ነው?» ግን ሙግት ነው፤ የተባለው ተከሳሹ ገና ለራሱ ጠበቃ በሚመልስበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ዳኛው ዐቃቤ ሕግንም ገሥጸው ከሆነ እሱም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የይግባኙ መልስ ሰጪ፣ ማለትም ዐቃቤ ሕጉ፣ ያወጣዋል፣ ያኔ ሠንጠረዡን የሚያምነው የለም። ተቃውሞን ውድቅ ማድረግ ብቻውን አድልዎ አይደለም። ብይኑ ስህተት ነው ከተባለ ቦታው የማስረጃው ቅሬታ ውስጥ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፍ ሽሙጥን አያሳይም። የድምፅ ቅጂ ካለ የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ ቀደም ብሎ መጠየቅ፣ ደቂቃውንም ከገጹ ጎን መጻፍ ያስፈልጋል።

ጠበቃው ቅሬታቸውን አሻሽለው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። ሲለቀሙ አብዛኞቹ ጣልቃ ገብነቶች የማጣሪያ ጥያቄዎች ሆነው ተገኙና ወጡ። የቀሩት ጥቂቶች፣ ሁሉም በተከሳሹ ምስክርነት መሃል የተነገሩ፣ ለብቻቸው እንደ አንድ የይግባኝ ምክንያት ቀረቡ።