ግሉኮሱን ማን ሰቀለው?

እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይሞቀኛል። ጎጃም፣ ጤና ጣቢያ፣ ተመላላሽ ክፍል ተረኛ ነኝ። አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ መጡ። የስኳር ታማሚ ናቸው፤ ኪኒናቸውንም አያጓድሉም። ምግብ ሳይቀምሱ የደም ስኳራቸውን ለካሁ፤ 262፣ በጣም ከፍ ብሏል።

«አባባ፣ ስኳር ይቀምሳሉ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ቡናዬንም በጨው ነው የምጠጣ።»

«ጠዋት ጠዋትስ ምን ይበላሉ?»

«ማር። እሱ የእግዜር ነው፤ ስኳር አይደል።»

በቃ፣ አስተማሪነቴ ተነሳብኝ። «ማርዎ ሲቆይ ይረጋ የለ? ያ ነጣ ብሎ የሚረጋው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው፤ ፍሩክቶስ የሚባለው ደግሞ እንደ ቀለጠ ይቀራል። የሱቁ ስኳር የሁለቱ ጥምር ስለሆነ አንጀት መጀመሪያ ይለያየዋል። ግሉኮስ ግን ነጠላ ነው፤ የሚፈጭ ነገር የለውም፣ እንዳለ ደም ውስጥ ይገባል። አሁን መለኪያው ላይ ያየነውም እሱኑ ነው።»

«እንጀራውስ?»

«እንጀራን እንደ መቁጠሪያ ይዩት። እያንዳንዷ ፍሬ ግሉኮስ ናት፤ ሆድ ክሩን ይበጥሰዋል።»

በምሳሌዬ ኮራሁ። አጠገቤ ያለችው ሲስተር እንኳ ቀና ብላ አየችኝ።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት መታ አደረጉና «ታዲያ ልጀ፣ በቀደም ደክሞኝ ስመጣ ግሉኮስ ብላችሁ የሰቀላችሁልኝ ምንድን ነበር?» አሉኝ።

ካርዱን ገለጥኩ። ባለ 5 ፐርሰንት፣ 1 ሊትር። የማን ፊርማ እንደሆነ አልናገርም። ብቻ «ግሉኮስ አቅም ይሰጣል» እያለ ደክሞኛል ላለው ሁሉ የሚሰቅል ሰው የትም አይጠፋም፤ የኛው ደግሞ አሁን አለቃ ሆኗል። ስኳሩ ወርዶበት ለሚንቀጠቀጥ ሰው እርግጥ ነፍስ አድን ነው። የዚያን ቀን ልኬታቸው ግን 240 ነበር፤ እዚያው ካርዱ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ተጽፏል። 5 ፐርሰንት ማለት በሊትር 50 ግራም ነው። ሳይጠይቁኝ «ከአሥር የሻይ ማንኪያ አያንስም» አልኩ። ምን አስለፈለፈኝ?

«አሥር ማንኪያ! በደም ስሬ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔ እኮ ማሩን የምልስ በጣቴ ነው።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ለማንኛውም ማሩን ይተዉ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ምሳሌ ከመደርደሬ በፊት ካርድ አነባለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

በወሩ 158 ሆነው መጡ። በጋቢያቸው ስር አንድ ጠርሙስ ማር ይዘዋል።

«እኔስ ትቻለሁ። ይችን ለዚያ ለሰቃዩ ስጥልኝ፤ አቅም ትሰጠዋለች።»

አላደረስኩለትም። እቤቴ መደርደሪያ ላይ አለች፤ ግማሿ ረግቷል።