የሱሉልታ ብርድና የኔ አሮጌ ሞተር

ህዳር ላይ ጠዋት ሱሉልታ እንዴት እንደሚበርድ እዛ ላላደረ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሳሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ፣ የሞተሬ ኮርቻ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነው የማገኘው። እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት አለብኝ፣ እሷ ደግሞ በእድሜ ከኔ የማታንስ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ናት፣ በእግር ምት ብቻ ነው የምትነሳው። አምና ታዲያ ፔዳሉን ስረግጠው ሊጥ የረገጥኩ እስኪመስለኝ ከበደኝ፣ ሀያ ጊዜ መትቼ ላብ በላብ ሆኜ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው። ዘይት ትበላለች ብዬ ሳማርር "ለአሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ነው የሚበጀው" ስላሉኝ ጣሳው ላይ ደብልዩ ምናምን የሌለው፣ 50 ብቻ የሚል ዘይት ሞልቼባት ነበር። ቀን ላይ ምንም አይልም፣ ሌሊቱን ሲያድር ግን እንደ ማር ነው የሚሆነው። የሞተር ብረት ደግሞ በብዛት ተፍቆ የሚያልቀው ሲነሳ ነው፣ ዘይቱ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ጣሳው ላይ በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለችውን ያቺን ደብልዩ እኮ ብዙ ሰው የክብደት ይመስለዋል፣ የዊንተር ናት። የፈረንጅ ክረምት ማለት ነው፣ የኛ ብርድ ግን በበጋ ስለሚመጣ ክረምት ሲባል ዝናብ ነው የሚታየን። ከሷ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ ከኋላ ያለው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል እንደሚወፍር ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር 10ደብልዩ40 አደረግኩ፣ ሙቀት ሲመጣ 20ደብልዩ50። አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ የምትይዘው ኪስ አይጎዳም።

ግን ቀጭን ነው ተብሎ የመኪና ዘይት እንዳትሞሉ!! እኔ ጓደኛዬ የተረፈውን ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ሰጥቶኝ በነፃ አገኘሁ ብዬ ሞላሁት፣ እንጦጦን ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እዛው ዘይቱ ውስጥ ነው የሚዋኘው፣ ነዳጅ ቆጣቢ የመኪና ዘይት ደግሞ ማንሸራተቻ ነገር አለበት፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጣሳው ጀርባ ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ፈልጉ፣ ጃሶ የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ነው፣ ጃፓኖች በ1998 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መጀመሪያ ያወጡት ለዚሁ ነው። ሻጩ "ያው ነው" ካላችሁ አትመኑት።

እውነቱን ለመናገር 10ደብልዩ40 ካደረግኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ጨምራለች። ፋሻዋ (የፒስተኗ ቀለበት) አልቋል፣ ያንን ዘይት አያድነውም፣ በየሳምንቱ እለካና የጎደለውን እጨምራለሁ በቃ። አንዴ ደግሞ ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ማኪያቶ መስሎ አገኘሁት፣ ደነገጥኩ፣ ለካ እስከ ገበያ ብቻ ደርሼ ስለምመለስ በደንብ ሳትግል እርጥበት ተጠራቅሞ ነው። ቅዳሜ እስከ ጫንጮ ነዳኋት፣ ጠፋ።

ዛሬ ቾክ ስቤ በሁለተኛው ምት ተነሳች። ማታ ስገባ ጎረቤቴ እትዬ በር ላይ ይዘውኝ "አንተ ልጅ፣ ሞተርህ ዛሬ ሳትቀሰቅሰኝ ረፈደብኝ እኮ" አሉኝ።