ከአፒያ መንገድ በታች

ልጅ ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ ግበበ ምድር፣ የጥንት ክርስቲያኖች በሮም ከመሬት በታች ስለ ፈለፈሉት መቃብር፣ ሲተርኩልን የሚታየኝ ሁልጊዜ አንድ ሥዕል ነበር፦ ጧፍ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የሮም ወታደር እስኪያልፍ ከመሬት በታች የሚጠብቁ ሰዎች። ባለፈው ዓመት ሮም ስሄድ የፈለግሁት እነዚያን ሰዎች ነበር።

ከአክስቴ ጋር 118 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ጥንታዊው አፒያ መንገድ ወጣን። አክስቴ ሮም ውስጥ አረጋውያንን እየጦረች ስትኖር ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እዚያ ያለውን የቅዱስ ካሊስቶስን መካነ መቃብር ግን አንድም ቀን አላየችውም። የጥንቱ የሮም ሕግ በከተማው ክልል ውስጥ ሙታንን መቅበር ይከለክል ስለነበር ባለጠጋውም ድኻውም ያረፈው እንዲህ ከከተማ ወጥቶ በየመንገዱ ዳር ነው።

ደረጃውን ስንወርድ ቅዝቃዜው ተቀበለን። ዙሪያው ቱፋ የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሲቆፍሩት ለስላሳ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ቆፋሪዎቹ በኩራዝ ብርሃን እየፈለፈሉ በአራት ደረጃ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መተላለፊያ አውጥተዋል። በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ፣ እንደ መደርደሪያ፣ መቃብር በመቃብር ላይ ተደርድሯል።

የሚያስጎበኙን ጠና ያሉ ካህን የልጅነት ሥዕሌን ገና ከመግቢያው አፈረሱት። እዚህ ተሸሽጎ የኖረ ሕዝብ የለም፤ ስፍራው ሹማምንቱም የሚያውቁት መቃብር ነበር። ምእመናኑ የሚመጡት ሊቀብሩ፣ ሊጸልዩና ሙታናቸውን ሊዘክሩ ነው። አደጋው ግን እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ257 ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያን ወደ መካነ መቃብር መግባትን ከለከለ፤ በዓመቱ፣ በነሐሴ 258፣ የሮም ጳጳስ ዳግማዊ ሲክስቶስ ከዲያቆናቱ ጋር በዚሁ ስፍራ ተይዘው ተገደሉ። የዚያ ዘመን ጳጳሳት ባረፉበት ክፍል ውስጥ የአንዳንዶቹ ስም በግሪክኛ ፊደል ተቀርጾ ይነበባል።

እኔን ያቆመኝ ግን ስም የሌለበት መቃብር ነው። ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሕፃናት ናቸው። ድንጋይ የሚያስቀርጽበት ገንዘብ ያልነበረው ወላጅ የመቃብሩ መዝጊያ ኖራ ሳይደርቅ ሳንቲም፣ የብርጭቆ ስባሪ ወይም ትንሽ መጫወቻ እየጫነበት ምልክት ያደርግ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ መቃብሮች መካከል የልጁን የሚለይበት ሌላ ነገር የለውም። እዚያ ጋ ቆሜ ከጎብኚዎቹ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ካህኑ ቀጠሉ። ይህ ስፍራ የሚጠራበት ካሊስቶስ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ዲያቆን ሆኖ የመካነ መቃብሩ ኃላፊነት ተሰጠው፤ በኋላም ራሱ የሮም ጳጳስ ሆነ። ባሪያ የነበረ ሰው የጌቶችንም የባሮችንም መቃብር ሲያስተዳድር አስቡት! በዚያው ዘመን አካባቢ በሰሜን አፍሪካ በካርታጎ የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን እንደ ጻፈው፣ ክርስቲያኖቹ በየወሩ የሚችለው ሰው ሳይገደድ የሚያዋጣበት ሣጥን ነበራቸው። ገንዘቡ ድኻ ይመገብበታል፣ ይቀበርበታል፣ ወላጅ አልባ ልጆችና እስረኞችም ይረዱበታል።

አክስቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እድር ነዋ!» አለችኝ። ድምፅዋ በመተላለፊያው አስተጋባ።

እውነቷን ነው። ሮማውያንም የቀብር ማኅበር ነበራቸው፤ የክርስቲያኖቹ ግን መክፈል ያልቻለውንም ይቀብራል። ትንሽ እልፍ ብለን የሮም ጳጳስ የነበረው የቆርኔሌዎስ መቃብር ደረስን፤ ስሙና «ሰማዕት» የሚለው ቃል በላቲን ተጽፎበታል። ይህ ጳጳስ በ251 አካባቢ ወደ አንጾኪያ በላከው ደብዳቤ የሮም ቤተ ክርስቲያን 46 ቀሳውስትና ሰባት ዲያቆናት እንዳሏት፣ ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችንም እንደምትረዳ ቆጥሮ አስቀምጧል። በምታሳድዳት ከተማ ውስጥ፣ ከ1,500 በላይ ሰው! ወታደር ሲያልፍ ከሚሸሸጉት ይልቅ እነዚህ ሰዎች ይበልጥ አስደነቁኝ።

ልንወጣ ስንል ካህኑ በአንድ ድንጋይ ላይ ያለ የላቲን ቃል አሳዩን። ክርስቲያኖቹ ስለ ሙታናቸው የሚጽፉት ቃል ነው። ትርጉሙን በጣሊያንኛ ሲያብራሩ አክስቴ ለእኔ ለመመለስ አንድ አፍታ አላመነታችም፦ «በአደራ ተቀመጠ ነው የሚለው።»

ላይ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ዝም ብላ ቆየችና እዚህ ከተማ ስለሞተች አንዲት ወጣት ነገረችኝ። ዘመድ አልነበራትም። የአገር ልጆች እድር አዋጥቶ አስከሬኗን ወደ ቤተሰቦቿ ላከ።

«ታውቂያት ነበር?» አልኳት።

«ኧረ የት አውቃታለሁ! ስሟን የሰማሁት መዋጮ ሲጠየቅ ነው» አለችና አውቶቡሱን እጇን ዘርግታ አስቆመችው።