ክሪስታል ብሪጅስ ስትገቡ ከየትኛው ሥዕል ትጀምራላችሁ?

በአርካንሶ ግዛት ቤንተንቪል ከተማ የሚገኘው ክሪስታል ብሪጅስ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ። መሥራቿ አሊስ ዋልተን ናት፤ ሕንጻውን የነደፈው ሞሼ ሳፍዲ። ቋሚ ስብስቡን ለማየት ክፍያ የለም።

ከሁሉም በፊት የአሸር ዱራንድን የ1849 ሥዕል እዩ። በሥዕሉ ላይ ሌላው ሠዓሊ ቶማስ ኮልና ገጣሚው ዊልያም ከለን ብራያንት ካትስኪል ተራሮች ውስጥ አለት ጫፍ ላይ ቆመዋል። ኮል ከዓመት በፊት ሞቶ ስለነበር ሥዕሉ መታሰቢያው ነው። ብዙ ሰው ገደሉንና ፏፏቴውን አይቶ ያልፋል። እናንተ ግን ጠጋ ብላችሁ በስተግራ ያለውን የዛፍ ግንድ ተመልከቱ፤ የሁለቱም ስም ተቀርጾበታል። ሥዕሉ ቁመቱ 112 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሩቅ ይህ አይለይም። የጆርጂያ ኦኪፍ የ1932 ነጭ አበባ ግን ራቅ ብሎ መቆምን ይፈልጋል።

በወረቀት ላይ የተሠሩትን ብቻ ተማምናችሁ አትሂዱ። የውሃ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል፣ የደበዘዘውም አይመለስም። ስለዚህ ሙዚየሞች ብርሃኑን 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ ያደርጉና ለጥቂት ወራት አሳይተው ወደ ማከማቻ ይመልሱታል። የፎቶግራፍ አንሺው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ስብስብ ደግሞ ናሽቪል ካለው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጋራ ንብረት በመሆኑ በየሁለት ዓመቱ ይመላለሳል። የምትፈልጉት አንድ የተለየ ሥራ ካለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ለእይታ መቅረቡን ጠይቁ።